መጮህና ማሳወቅ፦ የንግድ ማስታወቂያ ጉዞ ከነጋሪት እስከ እጅ ስልክ

በአማርኛችን «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። የጠፋ መታወቂያ የሚፈለግበት ወረቀት ማስታወቂያ ነው፤ ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጠፍበትም ማስታወቂያ ነው፤ ሳሙና የሚሸጥበትም ማስታወቂያ ነው። በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን ጋዜጣውንና ራዲዮኑን ይመራ የነበረው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በስሙ ላይ ይህንኑ ቃል ተሸክሞ ኖሯል። የመንግሥት ቃልና የሱቅ ቃል በአንድ ስም ሲጠሩ ስለ ኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ጠባይ ሳይወርስ አልቀረም። ይሁን እንጂ የቃሉን ሥር ስንመረምር የምናገኘው «አስታወቀ» የሚለውን ግሥ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲያውቀው ማድረግ ማለት ነው። መጮህ ማለት አይደለም፤ መኳኳልም ማለት አይደለም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ማንም ሰው የእጅ ስልኩን ከፍቶ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ላይ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ስንትና ስንት የንግድ ማስታወቂያ በዐይኑ ሥር ያልፋል። «ጥራት መለያችን ነው»፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው»፣ «መጥተው ይጎብኙን፣ ይደሰታሉ»። ነጋዴው ይህን ለማስነገር ገንዘብ ከፍሏል። ምስሉን ያቀናበረለት ልጅም ዋጋውን ተቀብሏል። ማስታወቂያውን ያሰራጨው ኩባንያም «ለይህን ያህል ሺህ ሰው ደርሷል» ብሎ ቁጥር ልኮለታል። ገዢው ግን አልመጣም። ለመሆኑ የት ቀረ?

መልሱን ብዙዎች ከስልኩ ውስጥ ይፈልጉታል። የተሻለ ቀለም፣ የተሻለ ሙዚቃ፣ የታወቀ ተዋናይ ቢጨመርበት ይሠራል ይላሉ። እኔ ግን ከታሪኩ ውስጥ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። ስልኩ አዲስ ነው። በስልኩ ላይ ውጤት የሚያመጣው ማስታወቂያ ግን የሚከተለው ሕግ አሮጌ ነው፤ ሕጉም ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በብዙ ኪሳራ የተገኘ ነው።

ነጋሪትና ወያላ

በአገራችን የጥንቱ ማስታወቂያ ነጋሪት ነው። አዋጅ የሚነገረው ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያና በአደባባይ ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል። ክብሩ እስከ ዘመናችን በመዝለቁ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ነጋሪቱ ሰውን ዝም ያሰኛል እንጂ ራሱ መልእክት አይደለም። መልእክቱ የሚመጣው ከነጋሪቱ በኋላ ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ ከሚታዩት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ነጋሪቱን ጎስመው አዋጁን ሳይናገሩ የሚሄዱ ናቸው።

ንግዱም የራሱ ድምፅ ነበረው፤ አሁንም አለው። «ልዋጭ!» ወይም «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ሰው በአንድ ቃል ሥራውን ይጨርሳል። ሊስትሮው በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ኳ ኳ እያደረገ የሚመለከተው ፊታችንን ሳይሆን ጫማችንን ነው። ከሁሉም ግን የታክሲ ረዳቱን፣ ወያላውን የሚያህል ማስታወቂያ ሠሪ የለም። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» በዚህች አጭር ጩኸት ውስጥ አራት ነገር አለ። ወዴት እንደሚሄድ ተናግሯል። የሚናገረው ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ ቤቱ ለተኛ ሰው አይደለም። ለምን አሁኑኑ መፍጠን እንደሚያስፈልግ አስረድቷል። በሩንም ከፍቶ ይዟል።

የዓለም ታላላቅ የማስታወቂያ ሰዎች ስማቸውን ያስጠሩበት ጥበብ ከነዚህ ከአራቱ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ፣ ወያላው ተሳፋሪውን በዐይኑ ያየዋል፤ እነርሱ ግን ገዢውን አያዩትም ነበር። የዘመናዊው ማስታወቂያ ታሪክ ይህን ያልታየ ሰው የማግኘት ታሪክ ነው።

የአንባቢው ዐይን ሲሸጥ

እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1833 ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አታሚ በኒውዮርክ ከተማ «ዘ ሰን» የተባለውን ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። የዘመኑ ጋዜጦች ዋጋ 6 ሳንቲም ያህል ነበር፤ አንባቢዎቻቸውም ባለ ገንዘብ ነጋዴዎችና ፖለቲከኞች ነበሩ። ዴይ ኪሳራውን በምን ሊሸፍን አሰበ ቢሉ፣ በማስታወቂያ ነው። ወሬውን ለሕዝቡ በርካሽ ሰጠ፤ የተሰበሰበውን የሕዝብ ዐይን ደግሞ ለነጋዴዎች ሸጠ። ዛሬ ፌስቡክ ከእኛ አንድም ሳንቲም ሳይጠይቅ እንዲሁ በነጻ የሚያስተናግደን በዚሁ ስሌት ነው። ነጻ የሚመስለው ነገር ሁሉ ከኋላው ከፋይ አለው።

ነጋዴው የሕዝቡን ዐይን ከገዛ በኋላ ምን ይበል? በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው መልስ «ጩኽ» የሚል ነበር። ሁሉን በሽታ የሚፈውሱ ጠርሙሶች፣ ተወዳዳሪ የሌላቸው ሳሙናዎች ጋዜጣውን ሞሉት። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1880 በፊላዴልፊያ ከተማ ትልቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የነበረው ጆን ዋናሜከር፣ ጆን ፓወርስ የተባለውን ጸሐፊ ቀጠረ። ፓወርስ በጽሑፉ ጌጥ የማያበዛ፣ እውነትን ደግሞ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነበር። ስለ ርካሽ ክራቫቶች እንዲጽፍ ሲታዘዝ፣ የሚመስሉትን ያህል ጥሩ እንዳልሆኑ፣ ለ25 ሳንቲም ግን እንደሚበቁ ጻፈ ይባላል። መደብሩ ያንን ክራቫት ሸጦ ጨረሰ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ጉድለቱን የነገረን ሰው ስለ ጥሩነቱ ሲነግረን እናምነዋለን።

ለዚሁ ለዋናሜከር የሚጠቀስ ሌላም አባባል አለ። ለማስታወቂያ ከማወጣው ገንዘብ ግማሹ ከንቱ ይቀራል፤ ችግሩ የትኛው ግማሽ እንደ ሆነ አለማወቄ ነው ብሏል ይባላል። ቃሉ የእርሱ ይሁን አይሁን የሚያከራክር ቢሆንም ችግሩ ግን የነጋዴ ሁሉ ነበር። የሽሮ ሜዳና የመርካቶ ነጋዴ ዛሬም የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ቆጣሪው ሰው

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 «ሎርድ ኤንድ ቶማስ» በተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አልበርት ላስከር፣ ማስታወቂያ ምን እንደ ሆነ ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው አላገኘሁም እያለ ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀን ጆን ኬኔዲ የተባለ፣ ቀድሞ በካናዳ ፈረሰኛ ፖሊስ የነበረ ሰው ከሕንፃው ምድር ቤት ወረቀት ላከበት። መልሱን እኔ አውቃለሁ የሚል ነበር። መልሱም በአጭሩ፣ ማስታወቂያ ማለት በኅትመት የሚሸጥ ሻጭ ነው የሚል ሆነ። ይህ ለእኛ ዛሬ ተራ ነገር ይመስለናል። ለጊዜው ግን የዐይን መክፈቻ ነበር። ሻጭ ከሆነ ዘንድ እንደ ሻጭ ይመዘናል ማለት ነው። ስንት ሰው አመሰገነው ሳይሆን ስንት ሸጠ ተብሎ ይጠየቃል።

ይህን ምዘና ወደ ዕለት ሥራ የለወጠው፣ ቆይቶ ወደዚያው ድርጅት የመጣው ክላውድ ሆፕኪንስ ነው። ሆፕኪንስ በየጋዜጣው በሚያወጣው ማስታወቂያ ጥግ ላይ ተቆርጦ የሚላክ ኩፖን ያደርግ ነበር። በኩፖኑ ላይ ምልክት አለ፤ የአንዱ ጋዜጣ ምልክት ከሌላው ይለያል፤ የአንዱ ርእስ ምልክትም ከሌላው ይለያል። ሰዎች ናሙና ለመቀበል ኩፖኑን በፖስታ ሲልኩ እርሱ ተቀምጦ ይቆጥራል። የትኛው ርእስ ብዙ ሰው እንደ ሳበ፣ አንዱን ደንበኛ ለማግኘት ስንት ሳንቲም እንደ ወጣ ያውቃል። የማይሠራውን ይጥላል፤ በሚሠራው ላይ ገንዘብ ይጨምራል። ዋናሜከር ያላገኘውን የባከነ ግማሽ ሆፕኪንስ በኩፖን ያዘው። ትምህርቱንም እ.ኤ.አ. በ1923 «ሳይንሳዊ ማስታወቂያ» በሚል መጽሐፍ አወጣው።

ሆፕኪንስ ግን ቆጣሪ ብቻ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ ለሽሊትዝ ቢራ ማስታወቂያ እንዲሠራ ሲታዘዝ መጀመሪያ ያደረገው ወደ ሚልዋኪ ሄዶ ፋብሪካውን መጎብኘት ነበር። ጠርሙሶቹ አራት ጊዜ በመኪና ሲታጠቡ፣ ሐይቁ ደጃቸው እያለ ንጹሕ ውኃ ፍለጋ እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈራቸውን አይቶ ተደነቀ። ይህን ለምን አትናገሩም ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህማ ሁሉም ቢራ ጠማቂ የሚያደርገው ነው አሉት። እርሱም፣ ሁሉም ያደርገው ይሆናል፣ ለሕዝብ የነገረ ግን የለም ብሎ ጻፈው። ራሱ እንደ ተረከው፣ ከገበያው አምስተኛ የነበረው ቢራ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመጀመሪያው ጋር ተስተካከለ። ሁሉም «ንጹሕ» እያለ ሲጮኽ ንጽሕናው እንዴት እንደ ተገኘ ያስታወቀው አንዱ ብቻ ነበር።

ምስልና ባዶ ቦታ

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ምስሉን ከቃሉ ጋር አስታረቀ። ዴቪድ ኦግልቪ በ1930ዎቹ በስኮትላንድ በየቤቱ እያንኳኳ የማብሰያ ምድጃ ይሸጥ ነበር፤ በር ሲዘጋበትና ሲከፈትለት የገዢን ፊት አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለሮልስ ሮይስ መኪና ማስታወቂያ ከመጻፉ በፊት ሦስት ሳምንት ስለ መኪናው ብቻ ሲያነብ ሰነበተ። ያወጣው ርእስ «ምርጥ»፣ «ድንቅ» የሚል ቃል አልነበረውም። በሰዓት 60 ማይል ሲከንፍ በመኪናው ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ነው የሚል ነበር። አንባቢው ጸጥታውን ራሱ በጆሮው ሰማው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1959፣ የቢል በርንባክ ድርጅት ለቮልስዋገን ማስታወቂያ አወጣ። በሰፊ ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና በጥግ ተቀምጣለች፤ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው። ትልልቅ መኪና በሚመለክበት አገር ትንሽነትን እንደ ጥቅም አቀረበ። በአዲስ አበባ ጎዳና ቮልስ ዛሬም ስትታይ ፈገግ የማይል ሰው ጥቂት ነው። በርንባክ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ጸሐፊውንና ሠዓሊውን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማሠራቱ ነበር። ከዚያ በፊት ጸሐፊው ቃሉን ጽፎ ይልካል፤ ሠዓሊው ከርሱ ሳይነጋገር ያስጌጠዋል። ዛሬ በስልክ የምናየው፣ በአንድ ምስል ላይ ስምንት ዓይነት ቀለም፣ ሦስት ስልክ ቁጥርና የአበባ ሐረግ የተደራረበበት ማስታወቂያ ይህን ትምህርት ያልሰማ ነው። ባዶ ቦታ የባከነ ቦታ አይደለም፤ ዐይን የሚያርፍበት ነው።

እኛ በዚያ ጊዜ

አሜሪካኖቹ በዚህ ሲከራከሩ የእኛ አገር ንግድ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ኩባንያዎችና ፋብሪካዎች በደርግ ተወረሱ። ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ፣ በኩፖንና በሰልፍ የሚገኝ ሆነ። ስንት ዓይነት ኩፖን አለ! የሆፕኪንስ ኩፖን ገዢን የሚፈልግ ነበር፤ የቀበሌው ኩፖን ደግሞ ገዢው ሸቀጡን የሚፈልግበት ነው። ሰልፈኛ ሞልቶ ለተረፈው ሻጭ ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል? በጋዜጣና በራዲዮ የቀረው ማስታወቂያ በአመዛኙ «ለሚመለከታችሁ ሁሉ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት ነጋዴው ማስታወቂያ አስፈለገው። እንደኔ ግምት ያገኘው አንደበት ግን ያንኑ የመሥሪያ ቤቱን አንደበት ነው። «ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ድርጅቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተቋቋመ ይዘረዝራል፤ ዓላማውንና ራእዩን ይገልጻል፤ በምስጋና ይዘጋል። ገዢው የሚፈልጋት አንዲት ነገር፣ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል የምትለው፣ ሳትነገር ትቀራለች። ይህ አንደበት ከጋዜጣ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ ሳይለወጥ ተሻግሯል።

ማስታወቂያው ሰውን ሲፈልግ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1994 «ሆትዋየርድ» በተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች አንዱን አወጣ። ካዩት ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ ተጭነውታል ይባላል። ዛሬ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ከመቶ ሰው አንዱ ቢጫነው ተመስገን ነው። ሰው አዲስ ነገርን አንድ ጊዜ ይነካል፤ ሲለምደው ዐይኑ ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጉግል በፍለጋ ቃል ላይ የተመሠረተውን ማስታወቂያ ጀመረ፤ በዚህም ማስታወቂያው ጠያቂውን አገኘ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 2007 ደግሞ ማርክ ዙከርበርግ በኒውዮርክ የፌስቡክን የማስታወቂያ ሥርዓት ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ጋዜጣን መምረጥ ትቶ ሰውን መምረጥ ጀመረ፤ ዕድሜውን፣ ከተማውን፣ የሚወደውን ነገር እየለየ።

ብዙ ነጋዴ የማያስተውለው አንድ አሠራር እዚህ አለ። በፌስቡክና በኢንስታግራም የማስታወቂያው ቦታ በጨረታ ይሸጣል፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ግን ብዙ ገንዘብ ያቀረበ ብቻ አይደለም። ያ ሰው ማስታወቂያውን አይቶ የተፈለገውን ነገር ያደርግ ዘንድ ምን ያህል ዕድል እንዳለ ይገመታል፤ ሰዎች «ይህን አታሳየኝ» ብለው ደብቀውት እንደ ሆነም ይመዘናል። ስለዚህ ደካማ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ገዢ አያመጣም፤ በዚያ ላይ ዋጋው ይወደዳል።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ከባድ ነው። ሥርዓቱ ነጋዴውን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ነው። መውደድና አስተያየት ከመረጠ፣ መውደድ ልማዳቸው የሆኑ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣለታል። መልእክት ወይም ሽያጭ ከመረጠ ደግሞ ለመጠየቅና ለመግዛት የሚነሡ ሰዎችን ይፈልግለታል። ሁለቱ ሰዎች አንድ አይደሉም። የሚያጨበጭበውና የሚገዛው በተለያየ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

የማውቃት ሴት በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ባለፈው ጊዜ ገንዘብ ከፍላ ማስታወቂያ ካስነገረች በኋላ ደስ ብሏት አገኘኋት።

«ወንድሜ፣ ስንት ሺህ ሰው እንደ ወደደልኝ ባየህ!»

«ስንት ሸጥሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ማስታወቂያውን አየሁት። አሥር ቀሚስ በአንድ ምስል ላይ ተደርድሯል፤ በላዩ «ውበትዎ የእኛ ኩራት ነው» የሚል ተጽፎበታል፤ ዋጋ የለም፤ «በውስጥ መስመር ይጠይቁን» ይላል። ቁጭ ብለን እንደ አዲስ ሠራነው። ከአሥሩ አንዱን ቀሚስ ብቻ በቀን ብርሃን ፎቶ አነሣች። ጥበቡ በእጅ እንደ ተሸመነ፣ ስንት ቀን እንደ ወሰደ፣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ ውጭ አገር በምን እንደሚላክ በአራት አጭር መስመር ጻፈች። ድምፅ ሳይከፈት እንዲነበብ ጽሑፉ ጎላ አለ፤ በስልክ ስለሚታይ ምስሉ ቁመታም ሆነ። የሚፈለገው መውደድ ሳይሆን መልእክት እንዲሆን ተመረጠ። ከዚያ ከሆፕኪንስ አንድ ነገር ተበደርን። ሁለት ማስታወቂያ ሠራች፤ ልዩነታቸው ምስሉ ብቻ ነበር። በአንዱ ቀሚሱ ተሰቅሏል፤ በሌላው ሴት ለብሳዋለች። በአንዱ ሥር «ጥምቀት ብለው ይጻፉልን»፣ በሌላው «ፋሲካ ብለው ይጻፉልን» የሚል አኖረች። በሳምንቱ ደብተር ይዛ ቆጠረች። የወደዱላት ሰዎች ከበፊቱ በጣም ያነሱ ነበሩ። «ፋሲካ» ብለው የጻፉላት ግን ከ«ጥምቀት» በለጡ፤ ከጻፉትም ውስጥ በዋሽንግተንና በዱባይ የሚኖሩ ይገኙበታል። የቀረውን ገንዘቧን በዚያኛው ላይ አደረገች።

ቆጣሪው ሲሳሳት

እንግዲህ ቆጠራው ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ኩባንያው የሚልክልንን ቁጥር ብቻ ብንከተል ምን አለበት? ታሪክ ተጠንቀቁ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ ሰዎች አንድን ቪዲዮ በአማካይ ስንት ሰከንድ እንደሚያዩ ሲያሳውቅ የነበረው ቁጥር የተጋነነ እንደ ሆነ አመነ። ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከስሌቱ አውጥቶ ስለነበር አማካዩ ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ማስታወቂያ ያስነገሩት ሰዎች ከሰሱት፤ በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ሻጩ ሚዛኑንም የያዘ እንደ ሆነ ገዢው የራሱ ደብተር ያስፈልገዋል። የዚያች የሽሮ ሜዳ ሴት ደብተር ከኩባንያው ሠንጠረዥ የሚታመነው፣ የሚመዘግበው ታይቷል የተባለውን ሳይሆን ተሽጦ ገንዘቡ የተቆጠረውን በመሆኑ ነው።

ሰውን የማወቁ ነገርም ገደብ አገኘው። ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለ ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው እንዳገኘ በ2018 ተጋለጠ። በ2021 አፕል በስልኮቹ ላይ አንድ ፕሮግራም ሰውን ከመከታተሉ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገደደ፤ የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ ይህ በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያሳጣው ገመተ። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል። ገዢውን ማወቅና ገዢውን መሰለል ለየቅል መሆናቸውን ዓለም ዘግይቶም ቢሆን እየተረዳ ነው።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን

ወደ ወያላው ልመለስ። «አንድ ሰው የቀረው» ሲለን እየሮጥን እንገባለን። ውስጥ ገብተን አራት ባዶ ወንበር ስናገኝ ፈገግ ብለን እናልፈዋለን፤ የሚጎድልብን ጥቂት ደቂቃ ነውና። በስልክ ላይ ግን «ሦስት ብቻ የቀረ» ተብሎ ለወር የሚቆይ ጫማ አለ። ከሰው ገጽ የተወሰደ ፎቶ ታይቶ፣ ገንዘብ ተልኮ፣ ሌላ ዕቃ የሚመጣበት አለ። በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነትን የተመረኮዘና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን የስልክ ሱቅ ማን ዞሮ ያየዋል?

ጉዳቱ በተታለለው ገዢ ላይ ብቻ አያበቃም። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ቀጥሎ የሚያየውን እውነተኛ ነጋዴም አያምንም። ያ ነጋዴ አሥር ጥያቄ ይጠየቃል፤ ዕቃው ሲደርስ እከፍላለሁ ይባላል፤ ማስታወቂያው ይደበቃል፤ የተደበቀ ማስታወቂያ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። ያልዋሸው ሰው የዋሸውን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው። በትንሽ ገንዘብ የተነሣ፣ ሱቅ መከራየት ያቃተው ወጣት ነጋዴ ስልኩን ብቸኛ ደጁ ባደረገበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ እምነት ቢጠፋ መጀመሪያ የሚዘጋው የርሱ ደጅ ነው። ባለ ትልቁ ኩባንያማ በየአደባባዩ ሰሌዳ ይሰቅላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነጋዴ ግን እስኪነጋ ድረስ ኪራይ መክፈል አለበት፤ ስለዚህ እውነቱን ቶሎ የሚያሳይበት ዘዴ ያስፈልገዋል። ዘዴው ዋጋን መጻፍ፣ ዕቃውን እንዳለ ማሳየት፣ እንዴት እንደ ተሠራ መናገር፣ የሚጎድለውንም ሳይጠየቁ መጥቀስ ነው። ፓወርስ ስለ 25 ሳንቲሙ ክራቫት የጻፈው ከ140 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በስልኬ ላይ «ይህ ጫማ ለክረምት ጭቃ አይሆንም፤ ለበጋ ግን በዋጋው ልክ ያገለግላል» የሚል ማስታወቂያ አላየሁም። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ብቅ ቢል የክረምት ጫማ አለህ ወይ ብዬ የምጠይቀው እርሱኑ ነው።